ማዶ የሌለው ድልድይ፦ የእንግሊዝን ፒየሮች ማን ይጠግናቸው?

ኬንት ውስጥ ኸርን ቤይ የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ አለች። ዳርቻዋ ላይ ቆሞ ወደ ባሕሩ የተመለከተ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ይታየዋል። ከመሬት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ውሃ መሃል፣ በምሰሶዎች ላይ የቆመ የፈራረሰ መድረክ ብቻውን ተገትሯል። የሚያደርስ መንገድ የለውም። ከባሕር ወፍ በቀር የሚሰፍርበትም የለም። ተመልካቹ ከቆመበት አጠገብ ደግሞ ሌላ መድረክ ከዳርቻው ተነሥቶ ትንሽ ወደ ውሃው ይገባና ድንገት ያልቃል። ሁለቱ በአንድ ወቅት አንድ ነበሩ፤ 1,154 ሜትር የሚረዝም አንድ ፒየር። በጥር 1978 የተነሣ ማዕበል ወገቡን በልቶ ራሱን ከእግሩ ለየው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፒየር ላላየ ሰው ነገሩን ማስረዳት ቀላል አይደለም። ቅርጹ ድልድይ ነው፤ ግን ማዶ የለውም። ከዳርቻው ተነሥቶ በብረት ምሰሶዎች ላይ ወደ ባሕሩ ይዘልቅና አንድ ቦታ ላይ ያበቃል። ወለሉ ሳንቃ ነው። በሳንቃዎቹ መካከል ጣት የሚያህል ክፍተት ስላለ ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው ከሥር ውሃው ሲላወስ ይታያል። ላዩ ላይ ሻይ ቤት፣ አይስክሬም፣ ቲያትር፣ ሳንቲም የሚበሉ የጨዋታ ማሽኖች ይደረደራሉ። ሰው እስከ ጫፉ ይሄዳል፣ ባሕሩን ያያል፣ ተመልሶ ይመጣል። በቃ። እንግሊዞች ለዚህ ደርሶ መልስ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ሲከፍሉ ኖረዋል።

ለንደን የሚኖር ሐበሻም ከዚህ ውጭ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ሲበረታ የማኅበሩም የቤተሰቡም ጉዞ ብዙ ጊዜ ወደ ሳውዝኤንድ ወይም ወደ ብራይተን ነውና ፒየር ላይ ፎቶ ያልተነሣ ጥቂት ነው። ፎቶው ላይ የሚወጣው ግን የላይኛው ክፍል ነው። የኔ ጉዳይ ከታችኛው ጋር ነው።

20ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ በእንግሊዝና በዌልስ ዳርቻዎች 100 ገደማ ፒየሮች ነበሩ። ዛሬ የቀሩት ከግማሽ ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ በሰንሰለት ተዘግተው የሚቀጥለውን ማዕበል ይጠብቃሉ። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ እንግሊዙ በርካሽ አውሮፕላን ወደ ስፔን መሄድ ጀመረ። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ማንም ወደ ስፔን ሳይበር ገና ፒየሮች ይቃጠሉ፣ ይሰበሩ፣ ይከስሩ ነበር። ችግሩ ሲሠሩ ጀምሮ አብሯቸው የተሠራ ነው። ገንዘቡ የሚገኘው ከላይ ነው፤ የሚበላው ከታች ነው። የላዩ ገበያ ሲሞቅ ታቹ ይረሳል፤ የላዩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ታቹን የሚያስታውሱበት ገንዘብ አይኖርም።

መጀመሪያ ላይ ፒየር የመዝናኛ ነገር አልነበረም። እግር ሳይረጥብ ከመርከብ ለመውረድ የተሠራ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሪቻርድ ራስል የሚባሉ ሐኪም በባሕር ውሃ መታጠብም እሱኑ መጠጣትም መድኃኒት ነው ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ባለጠጋው፣ የኛ ሰው ጠበልና ፍል ውሃ ፍለጋ እንደሚወጣው ሁሉ፣ ወደ ባሕር ዳር ይጎርፍ ጀመር። ወደ ዋይት ደሴት የሚሻገረው መንገደኛ ግን ራይድ ሲደርስ ይቸገር ነበር። ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት ጀልባው ከዳርቻው ሩቅ ይቆማል፤ ሰውየው የቀረውን እርጥብ አሸዋ በጋሪ ወይም በሰው ጀርባ ታዝሎ ያቋርጣል። ለሐር ቀሚስና ለባርኔጣ የሚመች ነገር አይደለም። በ1814 እዚያ የተከፈተው የእንጨት ፒየር የሁሉም አንጋፋ ነው፤ ዛሬም አለ። በጎኑ የሚመላለሰው ባቡር ደግሞ ታድሶ የመጣ አሮጌ የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ነው፤ ጡረታውን ባሕር ዳር ያሳልፋል ማለት ይቻላል።

የሳውዝኤንድም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ቴምዝ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አፍ ላይ ውሃው በሸሸ ቁጥር ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ጭቃ ይገለጣል። ከለንደን ሰው ጭኖ የሚመጣው የእንፋሎት መርከብ ጭቃ ላይ መቆም ስላልቻለ ከተማዋ ራሷ ወደ መርከቡ ሄደች። በ1830 የእንጨት ፒየር ተከፈተ፤ ጥልቅ ውሃ እስኪያገኝ ድረስ ተቀጠለ፤ በ1889 በብረት ተተካ። ዛሬ ርዝመቱ ከ2 ኪሎ ሜትር ከ100 ሜትር በላይ ነው፤ በዓለም ላይ ከእሱ የሚረዝም የመዝናኛ ፒየር የለም። መራመድ ለከበደው ትንሽ ባቡር አለችው።

መንሸራሸር ራሱ ገንዘብ እንደሚያወጣ ጎልቶ የታየው ብራይተን ላይ ነው። የባሕር ኃይል ካፒቴን የነበሩት ሳሙኤል ብራውን በ1823 በሰንሰለት የተንጠለጠለ ፒየር ከፈቱ። የተሠራው ወደ ፈረንሳይ ለሚሻገሩ መርከቦች ነበር። ነገር ግን የትም የማይሄደውም ሰው ከፍሎ እየገባ የባሕር አየር ይቀበልበት ጀመር። ሞገዱን እያዩ፣ ሳያቅለሸልሹ፣ ልብስ ሳይረጥብ «ባሕር ላይ» መሆን ቀላል ደስታ አልነበረም። ያ ፒየር በታኅሣሥ 1896 በማዕበል ፈረሰ። በዚያን ጊዜ ግን ልጆቹ የአገሩን ዳርቻ ሞልተው ነበር።

ጥድፊያውን ያመጡት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ባቡር ነው፤ ከ1841 ጀምሮ የለንደን ሰው ጠዋት ተነሥቶ ብራይተን ውሎ ማታ መመለስ ቻለ። ሁለተኛው ሕግ ነው። በ1850ዎቹ የወጣው የአክሲዮን ሕግ ኩባንያው ቢከስር ባለ አክሲዮኑ ካዋጣው በላይ እንዳይጠየቅ አደረገ። በ1861 የወጣው የፒየርና የወደብ ሕግ ደግሞ ለእያንዳንዱ ፒየር የተለየ የፓርላማ አዋጅ የማስወጣቱን ውድና ረጅም መንገድ አሳጠረው። ይህ ደረቅ የሕግ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ፒየር ማለት በመሠረቱ የአክሲዮን ማኅበር እንደሆነ ካልያዝን በኋላ የመጣውን ውድቀት አንረዳውም። የከተማው ነጋዴ፣ ሐኪም፣ የሆቴል ባለቤት ያዋጣል፤ ፒየሩ ይቆማል፤ በጋው ጥሩ ከሆነ ትርፉ ይከፋፈላል። ከ50 ዓመት በኋላ ለብረት መለወጫ ብሎ ገንዘብ ማስቀመጥ ብዙዎቹ አላሰቡበትም፤ ያኔ የሚኖረው ባለ አክሲዮን ሌላ ሰው ነዋ።

ሦስተኛው ነገር ብሎን ነው። የቤልፋስቱ ዓይነ ስውር መሐንዲስ አሌክሳንደር ሚቸል በ1833 የፈጠራ መብት ያወጡበት ምሰሶ ጫፉ ላይ ሰፊ የብረት ክንፍ አለው። በመዶሻ አይመታም፤ ልክ እንደ ብሎን እየተጠመዘዘ ወደ አሸዋው ወይም ወደ ጭቃው ይገባል። ተመትቶ የገባ ምሰሶ ለስላሳ መሬት ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል፤ ይሄኛው ግን ክንፉ አፈሩን ስለሚይዝ ወደ ታች መስመጥንም ወደ ላይ መነቀልንም ይቋቋማል። ሚቸል ያሰቡት ለመብራት ማማዎች ነበር። ወደ መዝናኛ ያመጡት መሐንዲሱ ዩጂኒየስ በርች ናቸው፤ በ1855 ማርጌት ላይ በዚህ ዘዴ የመጀመሪያውን የብረት ፒየር ሠሩ። ከዚያ በኋላ ብላክፑል፣ ብራይተን ዌስት ፒየር፣ ኢስትበርን፣ ሄስቲንግስ፣ በርንመዝ እያሉ በጠቅላላው 14 ፒየሮች ነድፈዋል። በሥነ ሕንፃ ታሪክ ስማቸው የሚነሣው አልፎ አልፎ ነው፤ በእኔ ግምት ግን የእንግሊዝን ባሕር ዳር መልክ የሰጠ ሰው ካለ እሳቸው ናቸው።

ላዩ ላይ የነበረው ሕይወት ደማቅ ነበር። መግቢያው ብዙ ቦታ 2 ፔኒ ነበር፤ ያኔ አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ስለነበረ 1 ፓውንድ ለመሰብሰብ 120 ሰው መግባት አለበት። የሙዚቃ ባንድ ይጫወታል፤ ፊታቸውን ነጭ የተቀቡ ተዋንያን ያስቃሉ፤ «ፕሮፌሰር» የሚል ማዕረግ ለራሳቸው የሰጡ ጠላቂዎች ከፒየሩ ጫፍ ወደ ባሕር እየዘለሉ ሳንቲም ይለቅማሉ። ብላክፑል ላይ ደግሞ የአገሩ መደብ በፒየር ተከፈለ። በ1863 የተከፈተው ሰሜናዊው ፒየር ለጨዋው ሰው ነው፤ በዝግታ የሚራመዱበት፣ ባንድ የሚያደምጡበት። በ1868 አጠገቡ የተከፈተው ሌላው ፒየር መጀመሪያ ገበያ አጣ። ሥራ አስኪያጁ ርካሽ የመርከብ ሽርሽርና ከሰማይ በታች ጭፈራ ሲጀምሩለት ግን «የሕዝቡ ፒየር» ተባለ። የላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካዎች በዓመት አንድ ሳምንት በየተራ ይዘጋሉ፤ አንድ ከተማ እንዳለ ተነቅሎ ብላክፑል ይሰፍራል፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ እዚያም ጎን ለጎን ይውላል። ፋብሪካው ውስጥ የሚተዋወቀው ሰው ፒየሩ ላይ ሲጨፍር ይታያል። ሦስተኛው ፒየር በ1893 ተጨመረ፤ ሦስቱም ዛሬ ድረስ አሉ።

አሁን ወደ ታች እንውረድ።

ባሕር ውስጥ የቆመ ብረት ቶሎ የሚዝገው ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ያለው ክፍሉ አይደለም። የሚጎዳው አንዴ የሚረጥበው፣ አንዴ የሚደርቀው፣ ጨው የሚረጭበትና አየር የሚያገኘው የምሰሶው ወገብ ነው። ቀልጦ በቅርጽ የተቀዳው ወፍራም ምሰሶ ዝገትን ደህና ይችላል፤ ሲመታ ግን እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ምሰሶዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው ቀጭን የተቀጠቀጠ ብረት ደግሞ በየጊዜው ካልተቀባና ካልተለወጠ ያልቃል። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሠራተኛው መሰላል ዘርግቶ የሚቆይበት ጊዜ በመሃል ያሉት ጥቂት ሰዓታት ናቸው። ቀለም ቀቢ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ሌላው ሲደርስ የጀመረበት እንደገና ዝጎ ይጠብቀዋል። ይህ ሁሉ ወጪ ለጎብኚው አይታይም። አዲስ ብረት ተገጠመልኝ ብሎ ትኬት የሚገዛ ሰው የለም።

መርከብም አለ። በዮርክሻየር ዳርቻ ዊዘርንሲ ላይ በ1877 ወደ 365 ሜትር የሚረዝም ፒየር ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ማዕበል የገፋው መርከብ እየመጣ አንዱ ሲቆርጥለት ሌላው ሲቆርጥለት፣ በ1893 የመጨረሻው ሲመታው የቀረው 15 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በ1903 እሱም ተነሣ። የቀረው ግንብ የመሰለው መግቢያው ነው፤ ባሕር ዳሩ ላይ ዛሬም ተሸልሞ ቆሟል። በር አለ፣ ቤት የለም።

እሳት ደግሞ የሁሉም ጠላት ነው። ውሃ ላይ የቆመ ነገር በእሳት ማለቁ የሚገርም ይመስላል፤ ግን ፒየር የተሠራበትን ቢያስቡት ምድጃ ነው። ለዓመታት ፀሐይና ነፋስ ያደረቀው ሳንቃ፣ በላዩ ተደራርቦ የተቀባ ቀለም፣ ድንች የሚጠበስበት ዘይት፣ ከሥር በየክፍተቱ የሚነፍስ የባሕር ነፋስ። እሳቱ ጫፍ ላይ ከተነሣ የእሳት አደጋ መኪና በሳንቃው ላይ መግባት አይችልም፤ ባሕሩ የሸሸ እንደሆነ ደግሞ ውሃው ራሱ የለም። የሳውዝኤንድን ብቻ ብናይ በ1959 በዳርቻው በኩል ያለው አዳራሽ ሲቃጠል ጫፍ ላይ የቀሩ ሰዎች በጀልባ ወጡ። በዚያ ቦታ የቦውሊንግ ቤት ተሠራ። በ1976 የጫፉ ክፍል ተቃጠለ። በ1986 መርከብ መጥቶ ፒየሩን ሰንጥቆ አለፈ። በ1995 የቦውሊንግ ቤቱ ተቃጠለ። በ2005 ጫፉ እንደገና ተቃጠለ። የከተማው ሰው ግን አሁንም «ፒየራችን» ይላል።

በዚህ መሃል የኛን ታሪክ የሚነካ አንድ ፒየር አለ፤ የዎርዲንግ። በ1913 ማዕበል መሃሉን ቆርጦ ጫፉን ባሕር ውስጥ ቢያስቀረው፣ ጊዜው ፋሲካ ስለነበር የከተማው ሰው ለቀልድ የተቆረጠውን ክፍል «ኢስተር ደሴት» አለው። ተጠገነ። በ1933 ጫፉ ላይ ያለው አዳራሽ ተቃጠለ። እሱም በ1935 በአዲስ መልክ ተሠራ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1936፣ ጣልያን አገሩን ሲይዝ የተሰደዱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባዝ ከተማ ፌርፊልድ ሃውስ ከመግባታቸው በፊት ለአጭር ጊዜ ያረፉት እዚህችው ዎርዲንግ፣ ባሕር ዳር በነበረው ዋርንስ ሆቴል ነው። አዲሱ ፒየር ከዚያ ብዙም አይርቅም። ለዕረፍት የመጣው እንግሊዝ ልጆቹን ይዞ በሚንሸራሸርበት ዳርቻ፣ አገር የተወሰደባቸው ንጉሥ ከመስኮት ባሕሩን ሲያዩ ማሰብ ለእኔ ከብዙ የስደት ፎቶዎች ይልቅ ይከብዳል።

ጦርነቱ ለፒየሮቹም መጣ። በ1940 የጀርመን ጦር በባሕር ይመጣል ተብሎ ሲፈራ፣ ለመውረጃ እንዳይመቸው የብዙዎቹ ፒየሮች መሃል በመንግሥት ትእዛዝ ተቆርጦ ወጣ። የሳውዝኤንዱ ግን የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ሆነ፤ ከ3,000 በላይ አብረው የሚጓዙ የመርከቦች ስብስቦች እየተደራጁ የተላኩት ከዚያ ነው። ሰላም ሲመጣ ብረትም እንጨትም ብርቅ ነበር፤ አንዳንዱ ቁስል እንደተከፈተ ቀረ።

ከጦርነቱ በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት የመጨረሻው ሞቅታ ነበሩ። ሠራተኛው ደመወዝ እየታሰበለት ዕረፍት የሚወጣበት ሕግ በ1938 ወጥቶ ነበርና አሁን ተጠቀመበት። ቀጥሎ ነው ስፔን የመጣችው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር አለ። ጎብኚው ከባሕር ዳሩ ጨርሶ አልጠፋም፤ የተለወጠው አቆያየቱ ነው። ሳምንት የሚያድር ሰው ማታ ማታ መሄጃ ይፈልጋል፤ ቲያትሩን የሚሞላው እሱ ነበር። ጠዋት በመኪና መጥቶ ማታ የሚመለሰው ግን ሁለት ሰዓት ይቆያል፣ ቺፕስ ይበላል፣ ለልጁ ማሽን ላይ ሳንቲም ይጥላል፣ ይሄዳል። ስለዚህ ቲያትሩ ተዘጋ፣ ማሽኑ ገባ። ኖርፎክ ውስጥ ክሮመር ላይ ብቻ እንደ ድሮው ሙሉ የበጋ ትርኢት በፒየር ጫፍ ቲያትር ይታያል፤ ለዚያ ሲል ብቻ የሚመጣ ሰው አለ።

ገቢው በዚህ መልክ ሲሳሳ የታቹ ዕዳ ደግሞ አንድ ላይ ደረሰ፤ ብረቱ 100 ዓመት እየሞላው ነበር። ክሊቭደን ላይ የሆነው እንደ ተረት ይነገራል። በ1869 የተከፈተው ይህ ፒየር ቀጭን፣ ረጅም እግር ያለው፣ ከማይፈለጉ የባቡር ሐዲዶች የተሠራ ውብ ነገር ነው። በ1970 ለኢንሹራንስ ሲባል ክብደት ይችል እንደሆነ በውሃ የተሞሉ ታንኮች እየተጫኑበት ይመረመር ነበር። ሲመረመር ተደረመሰ። ከተማው አላፈርስም ብሎ 20 ዓመት ያህል ተሟግቶ፣ ገንዘብ ለምኖ፣ በ1989 መልሶ ከፈተው። በ1978 ደግሞ ኸርን ቤይን የቆረጠው ማዕበል በዚያችው ሌሊት የበርችን የመጀመሪያ ሥራ፣ ማርጌትን፣ አጠፋው። ከባሕሩ መሃል የቀረውን ጫፍ በፈንጂ ለማፍረስ ቢሞከርም እሱ እምቢ ብሎ ለዓመታት ቆመ። ዓይነ ስውሩ መሐንዲስ ብሎናቸውን አሳምረው ነበር የሠሩት።

ብራይተን ዌስት ፒየር የሁሉም መጥፎ ዕጣ አንድ ላይ የደረሰበት ነው። በ1866 ተከፈተ፤ በ1975 አደገኛ ነው ተብሎ ተዘጋ። በ1982 ከሁሉም ፒየሮች ቀድሞ በአገሩ ከፍተኛው የቅርስ ደረጃ ተሰጠው፤ ክብሩ ግን ቀለም አይቀባም። ለጥገና ከብሔራዊ ሎተሪ ለቅርስ ከሚመደበው ገንዘብ ተፈቅዶለት ሒደቱ ሲጓተት በታኅሣሥ 2002 ከፊሉ ባሕር ውስጥ ወደቀ። በ2003 ጸደይ በስድስት ሳምንት ገደማ ልዩነት ሁለት ጊዜ ተቃጠለ። ዛሬ የቀረው ጥቁር አጽም ነው፤ በቀዝቃዛው ወራት ወፎች በመንጋ ያድሩበታል፣ ፎቶ አንሺው አይለየውም። ከፊቱ በ2016 የቆመው 162 ሜትር የመመልከቻ ማማ ለአካባቢው ገቢ ያመጣል ተብሎ በከተማው ምክር ቤት በኩል ብድር የወሰደ ነበር። በ2024 መጨረሻ ከስሮ ተዘጋ፤ ምክር ቤቱ 51 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ዕዳ ሰርዞ ማማው ወደ ሌላ ባለቤት ዞረ።

ለዛሬው ክርክር ግን ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ሄስቲንግስ ነው። በ1872 ተከፍቶ፣ በ1960ዎቹ ሮሊንግ ስቶንስ፣ ጂሚ ሄንድሪክስና ፒንክ ፍሎይድ የተጫወቱበት ይህ ፒየር በ2008 ሲዘጋ ባለቤቱ ፓናማ የተመዘገበ ኩባንያ ነበር። በጥቅምት 2010 ተቃጠለ። የከተማው ሰው ግን አልተወውም፤ ከ3,000 በላይ ሰዎች አክሲዮን ገዙ፣ ከሎተሪው ከ11 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተገኘ፣ በጠቅላላው 14.2 ሚሊዮን ወጥቶ በሚያዝያ 2016 ተከፈተ። ከገንዘቡ አብዛኛው የሄደው ወደማይታየው ነው፤ ወደ ምሰሶው፣ ወደ ማያያዣው ብረት። ላዩን አርክቴክቶቹ ሆን ብለው ባዶ ተዉት፤ ሰፊ፣ ንጹሕ የእንጨት ሜዳ፣ መሃሉ ላይ ከቃጠሎው የተረፈ እንጨት የለበሰ አንድ ሕንፃ። ሐሳቡ ቦታው ለሁሉ ነገር ክፍት ይሁን የሚል ነው። በ2017 የአገሪቱን ትልቁን የሥነ ሕንፃ ሽልማት፣ የስተርሊንግን፣ አሸነፈ። አንዳንዱ የከተማው ሰው ደግሞ «ሳንቃው» እያለ ይቀልድበት ነበር።

ሽልማቱ በወጣ በሳምንታት ውስጥ፣ በኅዳር 2017፣ የሚያስተዳድረው ድርጅት ኪሳራ ውስጥ ገባ። ነዋሪው እንደገና ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ቃል ቢያሰባስብም በ2018 ፒየሩ ለአንድ የሆቴል ባለቤት ተሸጠ፤ የተወራው ዋጋ 60,000 ፓውንድ ነው። 14.2 ሚሊዮን የወጣበት ነገር በ60,000። ብዙ ሰው ተናደደ፤ ቢናደድም አይፈረድበትም። ነገር ግን ዋጋው ያለምክንያት አልወረደም። የሚገዛው ሰው የሚገዛው ሳንቃውን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የዓመት ዓመት ወጪ ነው። ሄስቲንግስ ታቹን አድኖ ላዩን ረሳ፤ የቀድሞዎቹ ባለ አክሲዮኖች ስሕተት ተገልብጦ ሲመጣ ማለት ነው። ስለዚህ የጨዋታ ማሽኖቹን ጩኸትና የድንች ዘይቱን ሽታ ለሚጸየፈው ጨዋ ሰው መራራ የሆነ ነገር መናገር ይኖርብኛል፦ በአብዛኞቹ የቆሙ ፒየሮች ላይ ብረቱን የሚቀባው ያ ማሽን ነው። ዌስተን ሱፐር ሜር ላይ በ2008 የተቃጠለው ግራንድ ፒየር በሁለት ዓመት ገደማ በአስር ሚሊዮኖች ፓውንድ ተሠርቶ ሲከፈት ባለቤቶቹ ግዙፍ የመጫወቻ አዳራሽ ነው ያቆሙበት እንጂ ባዶ ሜዳ አይደለም።

ማሽኑ ግን ብቻውን አይበቃም። የብራይተን ፓላስ ፒየር ከሁሉም የተጨናነቀው ነው፤ እሱ እንኳ በ2024 ከከተማው ነዋሪ ውጭ ያለውን ጎብኚ በሞቃቱ ወራት 1 ፓውንድ መግቢያ ማስከፈል ጀመረ። 2 ፔኒው ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ በክፍለ ዘመኑ ዋጋ። ሳውዝፖርት ላይ በ1860 የተከፈተውና በእንግሊዝ በርዝመት ሁለተኛ የሆነው ፒየር የምክር ቤቱ ንብረት ነው። በታኅሣሥ 2022 ወለሉ አያስተማምንም ተብሎ ተዘጋ፤ የጥገናው ወጪ ደግሞ ለአንድ የአውራጃ ካዝና የሚቻል አይደለም። እንዲህ ያለ ምክር ቤት ሁለት ነገር ይዞ ይመዝናል፤ በአንድ በኩል የሽማግሌዎች መጦሪያና የትምህርት ቤት መጓጓዣ፣ በሌላ በኩል ወደ የትም የማያደርስ ድልድይ። በወረቀት ላይ ፒየሩ ሁልጊዜ ይሸነፋል። ነገር ግን ፒየር የተዘጋባት ከተማ ላይ ጎብኚው የሚያወርደው ገንዘብ በሆቴሉ፣ በቡና ቤቱ፣ በታክሲው ይቀንሳል፤ ይህ ኪሳራ በፒየሩ ሒሳብ ላይ አይጻፍም፣ እንደዚሁ የሚያመጣው ጥቅምም አይጻፍለትም። ከጥንት ጀምሮ ፒየሩ የሚያመጣውን እንግዳ ሌላው ይበላል፤ ብረቱን የሚቀባው ግን እሱ ብቻ ነው። እኔ ብጠየቅ፣ ከተማው በሙሉ በሚጠቀምበት ነገር ከተማው በሙሉ ለእግሩ ይክፈል፤ ላዩን ደግሞ ንግድ የሚያውቅ ሰው ይያዘው እላለሁ። ሳውዝኤንድ ላይ ምክር ቤቱ፣ ክሮመር ላይ የአውራጃው አስተዳደር እግሩን ይዘው ቆይተዋል፤ ሁለቱም አሁን ድረስ ክፍት ናቸው።

ክሊቭደን ደግሞ የራሱን መንገድ አግኝቷል። ፒየሩ ላይ ማሽን የለም፣ ሽክርክሪት የለም፤ ለዓይን ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። ሳንቃዎቹ ላይ ግን የናስ ስም ጽሑፎች በሺዎች ተቸንክረዋል፤ ሰዎች የእናታቸውን፣ የሟች ባላቸውን ስም፣ የሠርጋቸውን ቀን ለማስቀመጥ ከፍለውባቸዋል። ገንዘቡ ወደ ታች ይሄዳል። ጽሑፉን ለማንበብ ጎንበስ ያለ ሰው በሳንቃዎቹ መካከል እግሮቹንም ያያቸዋል፤ ቀጫጭን ሐዲዶች፣ ከሥራቸው ቡናማ የብሪስቶል ውሃ፣ ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት ደግሞ ከውሃው በላይ ብዙ ሜትር ወደ ታች ተዘርግቶ የሚታይ፣ አረም የለበሰ ብረት።